ያላመመኝ ስብራት

ግራ እግሬ በየትኛው ቀን እንደተሰበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላ ሰው የተሰበረበትን ቀን አይረሳም፤ ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ፣ የማን በቅሎ እንደጣለችው፣ ማን አዝሎ ቤት እንዳስገባው ዕድሜ ልኩን ያወራዋል። እኔ የማወራው እንዲህ ያለ ቀን የለኝም። የማስታውሰው በደርግ ጊዜ፣ ጅማ አካባቢ ሊሙ ገነት ሳስተምር፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የግራ ጫማዬ አልገባ ማለቱን ነው።

ቀኙ እንደወትሮው ገባ። ግራውን ገፋሁት፤ ክሩን ፈትቼ እንደገና ገፋሁት፤ እምቢ አለ። ካልሲዬን ሳወልቅ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች አብጦ፣ ቆዳው ቀልቶ ተወጥሯል። በመዳፌ ስነካው ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ግንባር ይፋጃል። በጣቴ ጫን አልኩት። ምንም። ጠንከር አድርጌ ተጫንኩት። አሁንም ምንም። ካላመመኝማ ምን ይሆናል ብዬ የጫማውን ክር ጨርሶ አወጣሁትና ተረከዙን ረግጬ እየጎተትኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ስኳር በሽታ የያዘኝ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አገሬ ደብረ ብርሃን አካባቢ ለመምህርነት ስሠለጥን ነው። ውሃ ጠጥቼ አልረካ፣ በልቼ አልወፍር ብዬ ከሰውነት ጎዳና ስወጣ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ፤ በየቀኑ መርፌ እየተወጋሁ እንደምኖር ተነገረኝ። እናቴ ጠበል አስጠመቀችኝ። ጠበሉ መርፌውን እንዳላስቀረልኝ ስታይ ደግሞ፣ «በይ እንግዲህ ለሰው አትንገሪ። ባል ታጪያለሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርኩም። መንግሥት ሊሙ ሲመድበኝ በሽታዬን እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ደብቄ ይዤው መጣሁ።

በየማለዳው በሬን ቆልፌ የመስታወት መርፌዬን በላምባ ምድጃ ላይ እቀቅላለሁ። መድኃኒቱን የማኖረው አልጋዬ ሥር፣ እርጥብ አሸዋ በሞላሁት ማሰሮ ውስጥ ነበር። ሰው በር ካንኳኳ መርፌው ትራስ ሥር ይገባል። በመምህራን ክፍል ሻይ ሲቀዳ ስኳር አልወድም እላለሁ፤ ሰው ቤት ስጋበዝ ሰበብ እፈጥራለሁ። ባልደረቦቼ «ኩሩ ናት» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ኩሩ መባሉ ይሻለኝ ነበር። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ እግሮቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ጠዋት ጫማዬ ውስጥ የገባ ጠጠር ማታ ሳወልቅ ነው የማገኘው። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቀኑን ሙሉ መቆም ያመጣው ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

እብጠቱ አልጎድል ሲል ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር አይቶ ቆዳው መርቅዟል አለና ፔኒሲሊን ወጋኝ። አልቀነሰም። አንዲት አስተማሪ ወጌሻ አስጠራችልኝ። ወጌሻው በከተማው የታወቁ፣ እጃቸው ቀላል የሚባልላቸው አዛውንት ነበሩ። እግሬን በቅቤ እያሹ ፊት ፊቴን ያዩኛል።

«ሲ ዱኩባ?» አሉኝ፤ ያምሻል ወይ ማለታቸው ነው።

«አያመኝም፣ አባባ።»

«እንዲያ ከሆነማ አጥንት አልተነካም። አጥንት ቢነካ ጩኸትሽ እስከ ገበያ ይሰማ ነበር» ብለው ሳቁ። እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ ሳቅኩ። በማግስቱ እንደገና አሹት። ሥራቸውን በደንብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያሹት የሚጮህ ሰው እግር ነው።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ያነጋገረኝ በዚያው ሰሞን ነው። ክረምቱን ሁላችንም ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር እንድንወጣ ተመድበናል። ቢሮው አስጠርቶኝ፣ እግሬን ከጠረጴዛው በላይ አሻግሮ አየና፣

«ጓድ መምህርት፣ ዘመቻ ሲቃረብ የብዙ ሰው እግር ያብጣል» አለኝ።

«አይ፣ እኔ እንኳ እሄዳለሁ።»

«ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ?»

ጫማዬን እየጎተትኩ ወጣሁ። ማልቀስ የሚችል ሰው ይታዘንለታል፤ ተሸክመው ይወስዱታል፤ ወተት ያመጡለታል። እኔ እግሬ እንደ ዱባ አብጦ ከልጆቹ ፊት ቆሜ አስተምር ነበርና ማን ይዘንልኝ? እኔም ለራሴ አላዘንኩም። በዚያ እግር ጭቃውን ስረግጥ፣ ዳገቱን ስወጣ፣ ልጆቹን ለሰልፍ ሳስወጣ ከረምኩ።

ጅማ ሄጄ እንድታይ የገፋፋኝ አንድ የሳይንስ አስተማሪ ነው። እንደኔው ከሩቅ፣ ከጎጃም የመጣ፣ ትንሽ ሬዲዮ ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ቤታችን በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ ከትምህርት ቤት አብረን እንመለሳለን። በመካከላችን የተባለ ነገር የለም። እኔ ግን ከበሬ ላይ ስንለያይ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየው ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ ሲመጣ ቆይቶ፣ «አረማመድሽ ተለውጧል። እግርሽ ወደ ውስጥ እየተኛ ነው» አለኝ። የቡና መኪና የሚነዳ ሰው ያውቅ ስለነበር ጋቢና ለመነልኝ። ከረጢት በተጫነበት መኪና፣ ጎማው በጭቃ እየዋለለ፣ ጅማ ገባሁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያየኝ ሐኪም ወጣት ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ ያነሰ ይመስለኛል። የራጁን ፊልም መስኮቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ።

«መቼ ነው የወደቁት?» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

«አልወደቅሁም።»

«መኪና ገጭቶዎት ነው?»

«የለም።»

«እሺ፣ ማመም የጀመረዎት መቼ ነው?»

«አላመመኝም።»

ዞር ብሎ አየኝ። መጣና ከፊቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ እግሬን ጭኑ ላይ አደረገና ዓይኔን እንድጨፍን ነገረኝ። «በመርፌ ነካ ነካ አደርግዎታለሁ። በተሰማዎት ቁጥር ይንገሩኝ።» ጨፍኜ ጠበቅሁ። ውጭ የሚያስለው ሰው ይሰማኛል። የሐኪሙ ትንፋሽ ይሰማኛል። መርፌውን እየጠበቅሁ ትንሽ ቆይቼ፣ «አልጀመሩም እንዴ?» አልኩት።

«ጨርሻለሁ እኮ» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ውስጥ እግሬ ላይ ደም ነጠብ ነጠብ ብሏል።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ስኳር አለብዎት?» ሲለኝ አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። አዎ ማለት አቃተኝና ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅሁ። እንባዬም መጣ። በዚያ እግር ስሄድ ከርሜ ያላለቀስኩት ሴት፣ ስለጠየቀኝ አለቀስኩ።

ራጁን አንሥቶ አሳየኝ። በእግሬ መካከል ያሉት ትናንሽ አጥንቶች ተሰባብረዋል፤ አንዳንዶቹም ከቦታቸው ወጥተዋል። ስኳር ብዙ ዓመት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል አለኝ፤ አጥንትንም ያሳሳል፤ የተሰበረውም እንደሌላ ሰው ቶሎ አይገጥምም። ጤነኛ ሰው አንዱ አጥንት ስንጥቅ ሲል ያመዋልና ያነክሳል፣ ያርፋል። እኔ ስላላመመኝ በተሰበረው ላይ ቆሜ ሌላውን ሰበርኩት። «ትኩሳቱና እብጠቱ ነበር ጩኸቱ። ሰሚ አጣ እንጂ» አለኝ። እስከ ጉልበቴ ጄሶ አደረገልኝና ክረምቱን ሙሉ በዚያ እግር መሬት እንዳልረግጥ አስጠነቀቀኝ። ጄሶውን በየጊዜው እየመጣሁ ማስቀየር ስላለብኝ ወደ ሊሙ መመለስ አልችልም። የሆስፒታሉ አልጋ ለባሰ ሰው ይፈለጋል። ስለዚህ አንዲት ነርስ ሄርማታ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ የምታውቃቸው ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል አገኘችልኝ።

የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው እስላም ኦሮሞ እናት ነበሩ። ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ቅመም ይሸጣሉ። ሴት ልጃቸው አጋሮ ተድራለች፤ ወንዱ ልጃቸው ለውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አዴ እላቸው ነበር፤ እዚያ አገር እናት የሚሆኑ ሴት እንዲያ ነው የሚጠሩት። አማርኛቸው ትንሽ፣ ኦሮምኛዬ የገበያ ኦሮምኛ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምንነጋገረው ጠዋት እንዴት አደርሽ ለማለት «አከም ቡልቴ»፣ ማታ «ደህና እደሪ» ብቻ ነው። እሳቸው ገበያ ሲወጡ ግቢው ባዶ ይሆናል። መስኮቴ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ያባራል፣ ከመስጊዱ አዛን ይሰማል፣ ዝናቡ እንደገና ይጀምራል። ለእናቴ ጅማ ለሥራ ተዛውሬ ነው ብዬ ነበር፤ ስለዚህ ማንም አልመጣም። ተማሪዎቼን በስማቸው እየጠራሁ በሐሳቤ በረድፋቸው አስቀምጬ፣ ለራሴ ትምህርት የማስተምርበት ቀን ነበር።

የጄሶውም ነገር አስቸጋሪ ነበር። የሚያም እግር ራሱን ያስታውሳል። የእኔ ግን ዝም ስለሚል እረሳዋለሁ። ውሃ ስፈልግ ምርኩዜን ሳላነሣ ብድግ ብዬ እሄዳለሁ፤ ግማሽ ግቢ ከደረስኩ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ። አንዳንዴም ትዝ እያለኝ፣ ማንሣቱ ሰልችቶኝ፣ ረግጬ እሄዳለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ አዴ ከገበያ ቀደም ብለው ሲመለሱ ከመጸዳጃው በኩል በሁለት እግሬ እየተራመድኩ ስመጣ አገኙኝ። የጄሶው ሥር ረጥቦ ፈራርሷል፤ ቀይ ጭቃ ጠጥቷል።

«ወዮ!» ብለው ዘንቢላቸውን ጣሉ። «ሐኪሙ ምን አለሽ? ምን አለሽ አንቺ?»

«አያመኝም እኮ፣ አዴ።»

«አያምም፣ አያምም! እግሩ ያንቺ አይደለም? የጎረቤት እግር ነው?»

ጮኹብኝ። ከደብረ ብርሃን ከወጣሁ ጀምሮ እንዲያ የጮኸብኝ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጋሪ ጠርተው ከኔ ጋር ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ አዲሱን ራጅ ከአሮጌው ጋር አስተያየ። የእግሬ ቅስት መውደቁን ነገረኝ፤ ውስጥ እግሬ እንደበፊቱ ጎድጎድ አይልም፤ አጥንቱ ሲገጥምም በወደቀበት ይገጥማል። እኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጄሶው ውስጥ ያለው የተሰበረ ነገር የኔው መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ በልቤ አላመንኩም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አዴ ገበያ ሳይወጡ በፊት ሰፌድ ሙሉ ኮረሪማ እያመጡ ጭኔ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። እንድፈለፍልላቸው ነው። ሰፌዱ ሙሉ ሲሆን ብድግ ማለት አይቻልም፤ ይበተናል። «ታኢ» ይሉኛል፤ ተቀመጪ ነው። ከገበያ ሲመለሱም እኔ ክፍል በር ላይ ተቀምጠው የቀረውን አብረን እንፈለፍላለን። ብዙ አንነጋገርም። አንዳንዴ ስለ ልጃቸው ያነሣሉ፤ ወታደር የጫነ መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ እጃቸው ይቆማል፣ ድምፁ ሲርቅ ይቀጥላል። ጣቶቼ፣ ልብሴ፣ መኝታዬ ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸት ነበር።

በሰኔ አጋማሽ ረመዳን ገባ። እኔ ጠዋት መርፌዬን ከተወጋሁ በኋላ በሰዓቱ ካልበላሁ ያንቀጠቅጠኛል፣ ያልበኛል፣ ራሴንም ልስት እችላለሁ። ይህን ለአዴ በእጅ በእግር አስረድቻቸው ነበር። ጾመኛ ቤት ውስጥ ምሳ መጠበቅ ግን አሳፈረኝና ደረቅ ዳቦ ገዝተው እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። በረመዳን ቀትር፣ ምራቃቸውን እንኳ የማይውጡት ሴት፣ ከገበያ ተመልሰው ምስር ይሠሩልኛል፤ ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ ሥጋ አያቀርቡልኝም። ሳህኑን ከፊቴ አኑረው ወደ ግድግዳው ዞረው ይቀመጣሉ። እኔ እንዳላፍር ይሁን ሽታው እንዳያስጎመጃቸው አላውቅም። ጨውን መቅመስ ስለማይችሉ አንዳንዱ ቀን ጨው ይበዛበታል፣ አንዳንዱ ቀን ጨርሶ የለውም። ያን ምስር ብቻዬን፣ ጀርባቸውን እያየሁ፣ ሙልጭ አድርጌ እበላ ነበር።

የሳይንስ አስተማሪው የመጣው በዚሁ በረመዳን፣ ወደ ዘመቻ ከመውጣቱ በፊት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። ዝናብ ደብድቦት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እንደሚመጣ ስንት ቀን እንዳሰብኩ ለማንም አልተናገርኩም። ከጃኬቱ ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ጣሳ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የሊሙ ማር ነው። ለስብራት ጥሩ ነው ብለውኝ» አለ።

ማሩን አየሁት። መዋሸት እችል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተለማመድኩት ነው። ግን ደከመኝ።

«ማር አልበላም።»

«አይስማማሽም?»

«ስኳር በሽታ አለብኝ። መምህርነት ስሠለጥን ነው የያዘኝ። እግሬም የተሰበረው በሱ ምክንያት ነው።»

ጄሶውን አየ፤ ምድጃውን፣ አጠገቡ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን መርፌ አየ። በሬን የምቆልፍባቸው ማለዳዎች ሁሉ ሲገቡት ፊቱ ላይ አየሁ።

«በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ።»

«አሁን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ደግ ነው» አለ። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለሚዘምትበት ቀበሌ ጥቂት አወራን። ሬዲዮውን ሊተውልኝ አስቦ እንደነበር፣ ግን ለዘመቻው እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ሲነሣ እጄን በሁለት እጁ ያዘው። «አይዞሽ» አለኝ። እስከ በሩ ልሸኘው ስል በእጁ ከለከለኝ፤ እግሩ ከግቢው ሲወጣ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ማሩን ለአዴ ሰጠኋቸው፤ ጾማቸውን ሲያፈጥሩ በዳቦ በሉት። ማን እንደነበር አልጠየቁኝም።

ጄሶው የተፈታው መስከረም ገብቶ ነው። ሐኪሙ በመጋዝ ሲከፍተው የወጣው እግር የኔ አልመሰለኝም፤ ባቱ ሟሽሾ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ ውስጥ እግሩ እንደ ጀልባ ሆድ ወደ ታች ጎብጧል። አጥንቱ ግን ገጥሟል። ትኩሳቱም ጠፍቷል። «በዚህ ይኖራሉ» አለኝ፤ «ግን በየቀኑ ይዩት። እሱ አይነግርዎትም።» ጫማ ሠሪ ዘንድ ሄጄ ሐኪሙ በሥዕል እንዳሳየኝ ሰፊና ሶሉ ወፍራም ጫማ አሠራሁ። አስቀያሚ ጫማ ነበር። ልጆች ዞር ብለው ያዩታል።

በሐኪም ወረቀት ወደ ጅማ ከተማ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ጥቅምት ላይ ዕቃዬን ለማምጣት ሊሙ ገነት ሄድኩ። ቡናው መቅላት ጀምሮ ከተማው በሰው ተሞልቷል። የሳይንስ አስተማሪው ከዘመቻ መልስ ወደ አገሩ ዝውውር ጠይቆ መሄዱን ከኃላፊው ሰማሁ። ኃላፊው ጫማዬን አይቶ፣ «ለካ እውነት ነበር» አለኝ። ክፍሌን ስከፍት ማሰሮው ውስጥ ያለው አሸዋ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ያለኝ ዕቃ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ነው። የጭነት መኪናው እስኪመጣ ፍራሹ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያልፉ ሰላም አሉኝ፤ እኔም ሰላም አልኳቸው።

አዴ ግቢ ብዙ ዓመት ኖርኩ። በየምሽቱ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እግሬን ጭናቸው ላይ አደርጋለሁ፤ እሳቸው ኩራዙን አስጠግተው ውስጥ እግሬን ይመለከታሉ። የገባ እሾህ፣ የተላጠ ቆዳ፣ የቀላ ቦታ እንዳለ ይፈልጋሉ። ሲጨርሱ «የለም፣ አልሐምዱሊላህ» ይሉና ካልሲዬን ራሳቸው ያለብሱኛል። አንድ ጊዜ የጫማ ሚስማር አገኙ፤ ሁለታችንም ሆስፒታል ተሯሯጥን። ልጃቸው ሳይመለስ ቀረ። ጉልበታቸው ሲደክም አጋሮ ያለችው ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው፤ ግቢው ተሸጠ። እኔም እዚያው ጅማ ወደ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ።

አዲሱ ክፍል በገባሁበት ሳምንት ገበያ ወርጄ እጀታ ያለው ክብ መስታወት ገዛሁ። ማታ በሬን ዘግቼ መስታወቱን መሬት ላይ አስቀምጬ እግሬን ከፍ አደርግበታለሁ። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ዝቅ ብዬ ውስጥ እግሬን ረጅም ጊዜ አያለሁ። ምንም ከሌለ መስታወቱን ወልውዬ አልጋዬ ሥር እመልሰውና ካልሲዬን አጠልቃለሁ።